ባለ 50 ጥንድ የስልክ ኬብል ሲበጠስ፦ ሽቦዎቹን በምን እንለያቸው?

ጠያቂያችን በአንድ ኮሌጅ የጥገና ክፍል ይሠራሉ። ከፒኤቢኤክስ (የግቢው የውስጥ ስልክ ማዞሪያ) ክፍሉ ተነሥቶ እስከ አሮጌው የመምህራን ሕንፃ 300 ሜትር ያህል በመሬት ውስጥ የሚሄደውን ባለ 50 ጥንድ ኬብል፣ ለቧንቧ ሥራ የገባ እስካቫተር መሀሉ ላይ በጠሰው። ከእሳቸው በፊት የተጠራ ሰው ሽቦዎቹን በእጁ እያጠማዘዘ ቀጣጠለ፣ በናስትሮ ጠቀለለ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። አሁን ቢሮ 4 ሲደወል ቢሮ 11 ይጮኻል፤ አንዳንዱ መስመር ላይ የጎረቤት ወሬ ይሰማል፤ ጭራሽ ድምፅ የሌላቸውም አሉ። «ሽቦው ሁሉ ነጭ ነጭ ነው። ያለኝ አንድ ቴስተርና አንድ ረዳት ነው። እያንዳንዱን ሽቦ በምን ልለየው?» ይላሉ።

እኔ የምመክርዎት እያንዳንዱን ሽቦ ለመለየት እንዳይደክሙ ነው። ያንን ቅጥያ ከነናስትሮው ቆርጠው ይጣሉት። ከዚያ ከግራም ከቀኝም የኬብሉን ልባስ ወደ ኋላ ይግፈፉ፤ ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው እንደተገመዱ የቀሩበት፣ የሰው እጅ ያልነካው ቦታ ሲደርሱ ያቁሙ። የተቀበረ ኬብል ትርፍ ርዝመት ስለማይኖረው መሀል ላይ ተመሳሳይ ቁራጭ አስገብተው ሁለት ጆይንት (የኬብል መቀጠያ) መሥራት ግድ ይሆናል። «አንዱን ጆይንት ማስተካከል እየቻልኩ ለምን ሁለት እሠራለሁ?» ይሉ ይሆናል። ግምዱ የተፈታ መቶ ሽቦ መሀል ተቀምጦ አንድ በአንድ በቴስተር መፈለግ ከሁለት ጆይንት የበለጠ ጊዜ ይበላል፤ ውጤቱም አያስተማምንም። የማያስተማምንበትን ምክንያት ወደ ታች እመጣበታለሁ።

«ነጭ ነጭ ነው» ማለትዎ አይገርምም። በእነዚህ በፕላስቲክ የተሸፈኑ ኬብሎች ውስጥ መቶ ሽቦ ቢኖርም ቀለሙ አሥር ብቻ ነው። አምስቱ የጥንዱ የመጀመሪያ ሽቦ ቀለሞች ናቸው፦ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ። አምስቱ ደግሞ የጓደኛው ናቸው፦ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ። አምስት በአምስት ሲባዛ 25 ጥንድ ይወጣል። ስለዚህ በአንድ የ25 ቡድን ውስጥ አምስት ነጭ ሽቦ አለ፤ በእርስዎ ኬብል ውስጥ አሥር። አንዱን ነጭ ከሌላው ነጭ የሚለየው አብሮት የተገመደው ሽቦ ብቻ ነው። ከሰማያዊ ጋር የተገመደው የጥንድ 1 ነጭ ነው፤ ከግራጫ ጋር የተገመደው የጥንድ 5። ግምዱን ፈትተው ነጮቹን ለብቻ፣ ሰማያዊዎቹን ለብቻ ካበጠሩ በኋላ ግን የትኛው ነጭ የማን እንደነበር በዓይኑ የሚያውቅ ሰው የለም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ነጩ ላይ የጓደኛውን ቀለም በቀጭን ሰረዝ ያትሙበታል፤ የእርስዎ እንደዚያ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። ካልሆነ፣ ያ ሰውዬ ያጠፋው ይህንኑ ምልክት ነው።

የጥንዱን ቁጥር ለማግኘት ከመጀመሪያው ቀለም በፊት ስንት ቀለም እንዳለ ይቁጠሩና በአምስት ያባዙ፤ በዚያ ላይ የጓደኛውን ተራ ይደምሩ። ጥቁርና ቡናማ ቢሆን፣ ከጥቁር በፊት ሁለት ቀለም ስላለ 10፤ ቡናማ አራተኛ ስለሆነ 4፤ ድምሩ 14። ቢጫና አረንጓዴ 18 ነው፤ ቀይና ግራጫ 10።

ከ25 ጥንድ በላይ የያዘ ኬብል በቡድን በቡድን በቀለማም ክር ይታሰራል፤ የክሩም ቀለም ያንኑ ተራ ይከተላል። ከ1 እስከ 25 ያለው ቡድን በነጭና ሰማያዊ ክር፣ ከ26 እስከ 50 ያለው በነጭና ብርቱካናማ ክር። ጥቁርና ቡናማ በመጀመሪያው ቡድን 14 ሲሆን በሁለተኛው 39 ይሆናል ማለት ነው። ሥራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በዚህ ክር ነው። ልባሱ ሲገፈፍ ክሩ ይላላል፣ ይንሸራተታል፣ መሬት ላይ ይወድቅና ከቆሻሻው ጋር ይጠረጋል። እንደገፈፉ ወዲያውኑ፣ አንድም ሽቦ ሳይነኩ፣ ክሩን ልባሱ አፍ ላይ ጠምጥመው ይቋጩት፤ ወይም አንዱን ቡድን በቀይ፣ ሌላውን በጥቁር ናስትሮ ይሰሩት፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። ይህን ከዘለሉ ሁለት ጥቁርና ቡናማ ጥንድ በእጅዎ ይዘው የትኛው 14፣ የትኛው 39 እንደሆነ ሲያሰላስሉ ይመሻል።

ለብርሃኑም ይጠንቀቁ። በቢጫ አምፖል ሥር ብርቱካናማና ቡናማ ይመሳሰላሉ፤ የደበዘዘ ሰማያዊ ግራጫ ይመስላል፤ ወይን ጠጁም በቅባት ሲሸፈን ጥቁር ነው። በቀን ብርሃን ወይም በነጭ ባትሪ ይሥሩ። ኬብሉ ውሃ እንዳይሰርገው በጄሊ የተሞላ ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። ቤንዚን የሚጠቀሙ ሰዎች አይቻለሁ፤ ፕላስቲኩን ይጎዳል፣ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ እሳት መጋበዝ ነው። የሚያጠራጥርዎትን ጥንድ በግድ አይወስኑ፤ ወደ ጎን ይተዉት። ሌሎቹን 24 በእርግጠኝነት ካገጣጠሙ የቀረው ራሱ ይታወቃል።

ብዙ ቴክኒሻን የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ መቆረጫው ላይ የጥንዱን ቁጥር ማወቅ እንኳ አያስፈልግም። ግራና ቀኝ ያሉት ጫፎች ከአደጋው በፊት አንድ ኬብል ነበሩ። ክሮኑ (በኬብሉ ጫፍ ሽቦዎቹ የሚሰኩበት ማከፋፈያ) ላይ 7 ተብሎ የተሰካው 12 ይሁን፣ ሕንፃው ውስጥ የሆነ ጊዜ የተሠራ ሌላ ጆይንት ተዛብቶ ይሁን፣ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ምንም ለውጥ አያመጣም። የመጀመሪያው ቡድን ነጭና ሰማያዊ ከማዶው የመጀመሪያ ቡድን ነጭና ሰማያዊ ጋር ይገናኛል፣ አለቀ። የስልክ ቁጥርና የቢሮ ዝርዝር ይዘው ጉድጓድ አይውረዱ፤ ያምታታዎታል። ከዚህ የሚወጣው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ እስካቫተሩ የበጠሰው ድሮም ጆይንት የነበረበትን ቦታ ከሆነ ሁለቱ ጫፎች ከተለያየ ጥቅል የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ያን ጊዜ ቀለሙን ሳያምኑ በቴስተር ያረጋግጣሉ።

አሁን ወደ ጎረቤት ወሬው እንምጣ። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ሽቦዎችን በጥንድ መገመድን እ.ኤ.አ. በ1881 ፓተንት ያስወጣበት ጉዳይ ይኸው ነው። ሁለቱ ሽቦዎች እየተጠማዘዙ ሲሄዱ ከውጭ የሚመጣው ጣልቃ ገብ ድምፅ በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚያርፍ ይጣፋል። የእያንዳንዱ ጥንድ ግምድ ደግሞ ከአጠገቡ ካለው ጥንድ የጠበቀ ወይም የላላ ተደርጎ ይሠራል፤ አንዱ የሌላውን እንዳይሰማ። የጥንድ 1 ነጭና የጥንድ 2 ነጭ ከተለዋወጡ ግን አንዱ መስመር ግማሽ አካሉ በራሱ ግምድ፣ ግማሽ አካሉ በጎረቤቱ ግምድ ውስጥ ይሄዳል። ወሬው የሚሾልከው በዚያ ነው።

የሚከፋው፣ ይህ ስህተት ከቴስተር ሊደበቅ መቻሉ ነው። ቁራጭ ኬብል አስገብተው በመጀመሪያው ጆይንት ላይ ሁለት ነጮች ተቀያየሩ እንበል። ሁለተኛው ጆይንት ላይ ሲደርሱ ቀለሙ «ይህ ነው» ይላል፣ ቴስተሩ «አይ፣ ያ ነው» ይላል። ቴስተሩን አምነው ሁለተኛው ላይ መልሰው ቢያቀያይሩት ጫፍ ከጫፍ ሲለካ ሁሉም ልክ ይሆናል፤ ዲያል ቶን ይመጣል፣ ትክክለኛው ቢሮ ይጮኻል። በመሀል ባለው ቁራጭ ውስጥ ግን ጥንዱ እንደተሰነጠቀ ነው፤ ሁለቱ ሽቦዎቹ በተለያየ ግምድ ውስጥ ይሄዳሉ ማለት ነው። ቁራጩ ሁለት ሜትር ከሆነ ጆሮ ላያገኘው ይችላል፤ 200 ሜትር ከሆነ ግን በየቀኑ አቤቱታ ይሰማሉ። ስለዚህ ቀለምና ቴስተር በተጣሉ ቁጥር ያሉበት ቦታ ላይ አያስታርቋቸው፤ ወደ ኋላ ተመልሰው የመጀመሪያውን ጆይንት ይፈትሹ። በተፈታው ሽቦ መሀል ቴስተር ብቻውን አያስተማምንም ያልኩትም ለዚህ ነው። ቴስተር ሽቦው መያያዙን እንጂ ከማን ጋር ተገምዶ እንደመጣ አይነግርም።

ቴስተሩ የሚጠቅመው ከተገናኘ በኋላ ለማረጋገጥና ቀለሙ ጨርሶ በማይታይበት ቦታ ነው። ከመለካትዎ በፊት መስመሩን በሁለቱም ጫፍ ነጻ ያድርጉት። የፒኤቢኤክሱ ካርድና የስልክ ቀፎው ካልተነጠሉ ንባቡ ያታልላል። ክሮኑ መለያያ ያለው ዓይነት ከሆነ ሽቦ መንቀል አያስፈልግም፤ መለያያ መሰኪያውን መክተት ይበቃል።

ረዳትዎን እየላኩና እየጠሩ ከሚያደክሙት፣ ከራዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ጥቂት ሬዚስተር ይግዙ፦ 1፣ 2.2፣ 4.7፣ 10፣ 22፣ 47 እና 100 ኪሎ ኦም። ረዳትዎ ማዶ ጫፍ ላይ በሰባት ጥንድ ላይ አንዳንድ ይሰካል፤ የትኛውን የት እንደሰካ በስልክ ይነግርዎታል። እርስዎ ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው ሲለኩ 4.7 ያነበቡበት ጥንድ ማንነቱ ታወቀ። አንዱ ዋጋ ከሌላው ከእጥፍ በላይ ስለሆነ የሽቦው የራሱ ሬዚስታንስ ተደምሮም አይምታታም። የትኛው ሽቦ የመጀመሪያው እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ ደግሞ ማዶ ላይ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ያስይዙ፣ ፖዘቲቩን ከነጩ ጋር፤ ቴስተርዎ የመቀነስ ምልክት ካሳየ ተገልብጧል። ግድ ሆኖብዎ አንድን ብቸኛ ሽቦ መፈለግ ካለብዎት፣ ረዳትዎ ያንን ሽቦ ከኬብሉ የአሉሚኒየም ልባስ ጋር ያገናኘው፤ እርስዎ ከልባሱ እስከ እያንዳንዱ ሽቦ ይለኩ። ልባሱ ራሱ ካልተያያዘ ግን ይህ አይሠራም።

በጀት ካገኙ ቶነርና ፕሮብ ያስገዙ። ቶነሩ ሽቦው ላይ ድምፅ ይለቃል፤ ፕሮቡ ሳይነካው ያንን ድምፅ ያነሣል። የቶነሩን አንድ እግር በሽቦው፣ ሌላውን በግራውንድ ካስያዙ ድምፁ ርቆ ይሄዳል፣ ግን ወደ ጎረቤት ሽቦዎችም ስለሚረጭ ግማሹ ኬብል ይዘምራል። በጥንዱ ሁለት ሽቦዎች ላይ ካስያዙት ግምዱ ስለሚያፍነው ድምፁ ደከም ይላል፤ ሲያገኙት ግን ትክክለኛውን ነው። እኔ መጀመሪያ በግራውንድ አካባቢውን አጠብባለሁ፣ ከዚያ በጥንዱ ላይ ቀይሬ እለያለሁ። ማረጋገጫው እንዲህ ነው፦ የጠረጠሩትን ጥንድ ሁለት ጫፎች በፒንሳ አፍ ሾርት ያድርጓቸው። ቶነሩ በጥንዱ ላይ ከተያዘና ጥንዱ ያ ከሆነ ድምፁ በአንዴ ይሞታል፤ ፒንሳውን ሲያነሡ ይመለሳል። አንዱ ነጭ የሌላ ጥንድ ከሆነ ሾርት ቢያደርጉትም ድምፁ እንደቀጠለ ነው። ይህች ሙከራ ጥቂት ሰከንድ አትፈጅም፤ የተሰነጠቀ ጥንድንም ታጋልጣለች። ሰው እያወራበት ባለ ወይም ኢንተርኔት በሚያልፍበት መስመር ላይ ግን ቶነር አይልቀቁ።

ሥራ ላይ ያለ መስመር የማን እንደሆነ ለማወቅ ቀፎ ሰክተው ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን ወዳለው የውስጥ ስልክ ይደውሉ፤ የደወሉበት ቁጥር እዚያ ይወጣል። ይህን የሚያደርጉት ግን ክሮኑ ላይ እንጂ ጉድጓድ ውስጥ አይደለም።

ስለ አደጋውም ልጨምር። የስልክ መስመር በእረፍቱ 48 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ በትንንሽ ፒኤቢኤክሶች 24 ሊሆን ይችላል። ይህ ብዙ አያስደነግጥም። ጥሪ ሲገባ ግን ከ75 እስከ 90 ቮልት ሊደርስ ይችላል፤ እርጥብ ጉድጓድ ውስጥ ሽቦ በጥርሱ የሚልጥ ሰው ያን ጊዜ ይማራል። ደመና ሲጠቁርና መብረቅ ሲጀምር ከኬብሉ ይራቁ።

ለመገናኛው በእጅ ማጠማዘዝና ናስትሮ ይቅር። ጄሊ ያለበት ስኮችሎክ (ሲጫኑት ሽቦዎቹን ነክሶ የሚያገናኝ ትንሽ የፕላስቲክ መገናኛ) ይጠቀሙ። ሽቦው አይላጥም፤ ሁለቱን ጫፎች እኩል ቆርጠው እስከ መጨረሻው ይክተቱ፣ በግልጹ ጀርባ በኩል ጫፎቹ መድረሳቸውን ይዩ፣ በፒንሳ ይጫኑት። አንዱን ጥንድ ሳይጨርሱ የሌላውን ግምድ አይፍቱ፤ የሚፈቱትም ለስኮችሎኩ የሚበቃውን ሁለት ሦስት ጣት ብቻ ነው። የአሉሚኒየም ልባሱን ከግራ ወደ ቀኝ በሽቦ ማያያዝ አይርሱ፤ ከተረሳ መስመሮቹ ላይ የመብራት ጉምጉምታ ይገባል። የሚያስገቡት ቁራጭ የመዳብ ውፍረትም ከነባሩ ጋር እኩል ይሁን። የሞቱትን ጥንዶችም አብረው ያገናኙ፤ የዛሬ ሙት ነገ መጠባበቂያ ይሆናል።

ሲጨርሱ ማዶ ላይ እያንዳንዱን ጥንድ ሾርት አድርገው ይለኩ። ሽቦው 0.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደርሶ መልሱ በኪሎ ሜትር 180 ኦም ገደማ ስለሆነ ለ300 ሜትር 54 አካባቢ ማንበብ አለብዎት፤ 0.4 ሚሊ ሜትር ከሆነ 84 ገደማ። ከሁሉም የሚበልጠው ፍንጭ ጥንዶቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። ሌሎቹ 54 ሲሉ አንዱ 90 ካለ ስኮችሎኩ አልነከሰም። ሾርቱን አንሥተው ደግሞ ከጥንድ ወደ ጥንድና ከሽቦ ወደ ልባስ ይለኩ፤ ምንም ማሳየት የለበትም።

ልባሱን ሲገፍፉት ያልኳቸውን ቀለሞች ካላገኙ አይደንግጡ። የጀርመን አሠራር የተከተለ ኬብል ሽቦዎቹን አራት አራት አድርጎ ይገምዳል፤ አራቱም አንድ ቀለም አላቸው፣ የሚለዩት በቀለበት ምልክት ነው። የመጀመሪያው ቀለበት የለውም፤ ሁለተኛው አንድ አንድ ቀለበት፤ ሦስተኛው ተራርቀው የተደረደሩ ጥንድ ቀለበቶች፤ አራተኛው ተቀራርበው የተደረደሩ ጥንድ ቀለበቶች። አንደኛና ሁለተኛ አንድ መስመር፣ ሦስተኛና አራተኛ ሌላ መስመር ናቸው፤ በግምዱ ውስጥም ጥንዶቹ ጎን ለጎን ሳይሆኑ ፊት ለፊት ተያይተው ነው የሚቆሙት። የአራቶቹ ቀለም በተራ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ፣ ቢጫ፣ ነጭ ነው።

የእርሳስ ልባስ ያለውና ሽቦው በወረቀት የተጠቀለለ በጣም አሮጌ ኬብል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ቀለም አይረዳዎትም። በየንብርብሩ አንድ ምልክት ያለው ጥንድ ይኖራል፤ ቆጠራው ከእሱ ተነሥቶ በአንደኛው ጫፍ በሰዓት አቅጣጫ፣ በሌላኛው ጫፍ በተቃራኒው ይሄዳል፤ ከቆጠሩም በኋላ እያንዳንዱን ጥንድ በቶነር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ወረቀቱ እርጥበት ስለሚጠጣ ከፍቶ ማሳደር አይቻልም፤ ክረምት ከሆነ ድንኳን ሳይተክሉ ልባሱን አይክፈቱት፤ እርሳሱን ከነኩ በኋላም እጅዎን ሳይታጠቡ አይብሉ።